የሙሽሮቹ ክኒን

«መምህርት ታደለች ዛሬ ጠዋት አረፉ» የሚለውን መልዕክት በትምህርት ቤታችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ያየሁት የአሥረኛ ክፍል ፈተና እያረምኩ ሳለ ነው። አንዱ የሚያለቅስ ምስል ለጠፈ፣ ሌላው «ነፍስ ይማር» ብሎ ጻፈ፣ ርዕሰ መምህሩ የቀብሩን ሰዓት አስታወቀ። እኔ ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ «ደግሞ አሁን ወዴት ለመድረስ ነው ይህ ሁሉ ጥድፊያ?» የሚል ነበር። ቀይ እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ተነሳሁ፣ ተቀመጥኩ፣ እንደገና ተነሳሁ። ሴትዮዋ በሕይወት ሳሉ አያስቀምጡኝም ነበር፤ ሞተውም አላስቀመጡኝም።

ቀብሩ ዘገየ። ሁለቱ ወንዶች ልጆቻቸው ከጅማ የተሳፈሩበት ሚኒባስ መንገድ ላይ ጎማው ፈነዳ። ዝናቡ አላቋርጥ ብሎ፣ ሕዝቡ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ጃንጥላ ዘርግቶ ሲጠብቅ፣ አጠገቤ የቆመ የድሮ ተማሪያቸው «ቲቸር እኮ እንዲህ ብናረፍድባቸው በሩን ዘግተውብን ይገቡ ነበር» አለኝ። ሳቅን። በቀብር መሳቅ ነውር ነው፣ ግን እውነቱን ስለሆነ ሳቅን። እትዬ ታደለች ደወል ከተደወለ በኋላ የክፍላቸውን በር ከውስጥ ይቀረቅሩታል። አንድ ጊዜ ርዕሰ መምህሩ ራሱ ማስታወቂያ ሊያነብ መጥቶ ውጭ ቆሞ ቀርቷል። «ፅንስ ቀጠሮ አያራዝምም» አሉት በመስኮቱ በኩል። ሰውዬው ምን እንደሰደቡት እስከዛሬ የገባው አይመስለኝም።

እኔ በዚያው ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ላብራቶሪው አንድ ብቻ ስለሆነ ባዮሎጂ ከሚያስተምሩት ከእትዬ ታደለች ጋር ተጋርተን ነበር የምንሠራው። መጋራት ሲባል ሦስቱ ግድግዳ የሳቸው፣ አንዱ መስኮት የኔ ማለት ነው። ተቀጥሬ ወደ ቦንጋ የተመለስኩ ሰሞን ስሜን እንኳ አልጠየቁኝም። «ኬሚስትሪው አንተ ነህ?» አሉኝ፤ እሳቸው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ስሜ ኬሚስትሪ ሆኖ ቀረ። «ኬሚስትሪ፣ በሩን ያዝልኝ።» «ኬሚስትሪ፣ መብራት ሄደ ወይስ ቆጣሪው ነው?»

ደቃቃ ነበሩ። የሟች ባላቸውን ሰፊ ጃኬት ለብሰው፣ ዝናብ በዘነበ ቁጥር የላስቲክ ቦት ጫማቸውን እንዳጠለቁ ክፍል ይገባሉ፤ ቦንጋ ደግሞ ዝናብ የማይዘንብበት ጊዜ ትንሽ ነው። ተቀምጠው አይቻቸው አላውቅም ብል ማጋነን አይሆንም። ምሳቸውን ቆመው ይበላሉ፣ ቆጮው በአንድ እጅ፣ ጠመኔው በሌላው። እያወሩ በክፍሉ ውስጥ ስለሚዞሩ የኋላ ወንበር ላይ መተኛት የሚባል ነገር የለም። እኔ በተፈጥሮዬ ዘገምተኛ ነኝ፤ እሳቸውን ማየት ብቻ ያደክመኝ ነበር።

በላብራቶሪው ጥግ የእንቁላል ማስፈልፈያ ነበራቸው። ከብስኩት ካርቶን፣ ከአንድ አምፖል፣ ከአንድ ኩባያ ውኃና ከኔ ሣጥን ሳይፈቀድ ከተወሰደ ቴርሞሜትር የተሠራ ነው። ሙቀት ውስጥ ጥቂት ቀን የቆየውን እንቁላል አውጥተው በትንሽ መቀስ ቅርፊቱ ላይ መስኮት ይከፍታሉ። ከውስጥ፣ አስኳሉ ላይ፣ የበርበሬ ፍሬ የምታህል ቀይ ነጥብ ትመታለች። ልብ ናት። በየዓመቱ በዚያች ደቂቃ ስድሳ ተማሪ የታጨቀበት ክፍል ጭጭ ይላል። የጫጩቱ ዓይን፣ ክንፍ፣ ላባ ገና የለም፤ ልቧ ግን ሥራ ጀምራለች።

አንድ ቀን ያቺ ደቂቃ ሳትደርስ መብራት ሄደ። ካርቶኑ መቀዝቀዝ ሲጀምር እትዬ ታደለች ወደ ክፍሉ ዞረው «ብብት ያላችሁ ሁሉ ተነሱ!» አሉ። እንቁላሎቹን አደሉ። ቀጥሎ የገባው የሒሳብ መምህር፣ ተማሪው ሁሉ ክንዱን ከጎኑ አጣብቆ እንደ ደነገጠ ሰው ቀጥ ብሎ መቀመጡን አይቶ አድማ የመቱበት መስሎት ነበር። አንዱ ጎበዝ ተማሪ ግን ጥያቄ ሲጠየቅ እንደ ልማዱ እጁን አወጣና ሸሚዙን አበላሸ። እትዬ ታደለች ይህን ሲሰሙ ያዘኑት ለሸሚዙ አልነበረም።

ትምህርታቸው መጽሐፉ ከሚለው ይወጣል ተብለው ተከሰዋል። ከእንቁላሉ ተነስተው ወደ እንሰት፣ ከእንሰት ወደ ንብ፣ ከንብ ወደ ሰው ይሄዳሉ። «እናቶቻችሁ እንሰት ሲያባዙ የግንዱን መሀል ሰርስረው ይቀብሩታል። ዙሪያውን ብዙ ችግኝ ይበቅላል። መሀሉ እያለ ለምን አልበቀሉም? ማን ነው ተኝታችሁ ቆዩ ያላቸው?» ይላሉ። ለእሳቸው ሁሉም አንድ ጥያቄ ነው፤ አንዷ ሕዋስ ምን እንደምትሆን ማን ይነግራታል፣ መቼስ ይነግራታል? ሱፐርቫይዘሩ «ከሲለበሱ ወጥተዋል» ብሎ ሲጽፍባቸው «ልጆቹ ከእናታቸው ሆድ የወጡት በሲለበሱ መሠረት ነው?» ብለው መለሱለት። እንግዲህ እንዲህ ያለ አፍ ይዞ ሹመት አይታሰብም።

በከተማው ያሳወቃቸውም ያስጠላቸውም ግን እንቁላሉ ሳይሆን ክኒኑ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጅ በእናቱ ሆድ ሲጀመር ጀርባው ጠፍጣፋ ነው። እትዬ ታደለች ይህን በእንሰት ቅጠል ነበር የሚያሳዩት፤ የቅጠሉን ሁለት ጠርዝ ቀስ አድርገው አንስተው ያጋጥሙታል፣ ጠቅልሎ ቱቦ ይሆናል። አንጎላችንም ኅብለ ሰረሰራችንም የሚወጣው ከዚያ ቱቦ ነው። አንዱ ቦታ ካልገጠመ የልጁ አከርካሪ ክፍት ሆኖ ይቀራል። ይህ ሁሉ የሚያልቀው በመጀመሪያው ወር ውስጥ፣ አብዛኛዋ ሴት ማርገዟን እንኳ ሳታውቅ ነው። ፎሊክ አሲድ የሚባለው ቫይታሚን አስቀድሞ በሰውነቷ ካለ ብዙውን ጊዜ ይረዳል። በኋላ ቢመጣ ለሌላ ነገር ይጠቅማል እንጂ ለዚህ አይደርስም።

በኛ ዘንድ ደግሞ እርግዝና አይወራም። ዓይን ይፈራል፣ ሆድ ራሱ እስኪናገር ይደበቃል። ሴቲቱ ገፍታ ጤና ጣቢያ ስትሄድ ክኒኑን ይሰጧታል። «የዳቦው ሊጥ ከተጋገረ በኋላ እርሾ ማደል ነው» ይሉ ነበር እትዬ ታደለች። እናም የሠርግ ጥሪ ካርድ በደረሳቸው ሳምንት ለሙሽራዋ ፖስታ ይዘው ይሄዳሉ። ሰው በፖስታ ብር ይጠብቃል፤ ከውስጥ የሚወጣው ግን ጥቃቅን ቢጫ ክኒኖች ናቸው።

ሰው ሁሉ ከጀርባቸው የሞተ ልጅ ይፈልግላቸው ነበር። «አንድ የደረሰባቸው ነገር ቢኖር ነው እንጂ» ይባላል። ምንም የደረሰባቸው ነገር የለም። ሁለት ወንዶች ልጆቻቸው እንደ ዝግባ ቀጥ ያሉ ናቸው። እኔም አንድ ቀን ደፍሬ ጠየቅኳቸው። በጣም ተቆጡ። «ማወቅ ብቻውን አይበቃም? ሰው እስኪቃጠል ድረስ እሳት አያምንም ማለት ነው?» አሉኝና ወደ ክፍላቸው ሄዱ።

ታናሽ እህቴ ትዕግስት ልትዳር የጥሪ ካርድ ስትበትን፣ ካርዱን ላብራቶሪ ወስጄ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። በነጋታው ፖስታው ቤታችን ደረሰ። ቤቱ ለሠርግ በተሰበሰቡ ሴቶች ተሞልቷል። የእናቴ ታላቅ እህት ከፈተችው፣ ክኒኖቹን ወደ ብርሃን አንስታ አየቻቸውና «የእርግዝና መከላከያ ነው!» አለች። ከዚያ በኋላ የሆነውን አልነግራችሁም፤ የነበረውን ጩኸት ሰፈሩ ሰምቶታል።

እናቴ ነጠላዋን እንኳ በወጉ ሳታጣፋ በባጃጅ ትምህርት ቤት ድረስ መጣች። የዕረፍት ሰዓት ነበር፤ ተማሪው ሁሉ ውጭ ነው። ፖስታውን እትዬ ታደለች እግር ሥር ወረወረችው። ክኒኖቹ ጭቃው ላይ ተበተኑ።

«ምን በድዬሽ ነው? ገና ሳትዳር የልጄን ማሕፀን የምትዘጊው?»

«እማዬ፣ መከላከያ አይደለም፤ ቫይታሚን ነው» አልኩ።

«አንተ ወንድ ነህ፣ ዝም በል! አስተምሬህ ደግሞ ከሷ ጋር ወገንክ?»

እትዬ ታደለች ጎንበስ ብለው ክኒኖቹን ከጭቃው እየለቀሙ በጃኬታቸው ጠረጉ። ቀና ሲሉ ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም። «ሠርጉ መቼ ነበር የትዕግስት እናት?» አሉ።

«ከጥምቀት በኋላ! ምን አገባሽ?»

«እንግዲያው ገና ጊዜ አለን» አሉና ደወሉ ሲደወል ወደ ክፍላቸው ገቡ። እናቴን በሕይወቷ እንደዚያ ያናደዳት ነገር ያለ አይመስለኝም።

ነገሩ ለሽማግሌ ደረሰ። የገና ጾም ነበር፤ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቤታችን ተሰበሰቡ። የሽማግሌዎቹ አለቃ ጋሽ ወልዴ በንብ እርባታ የታወቁ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ትልቅ ሰው ናቸው። እትዬ ታደለች ቀድመው ደርሰው ቆመዋል፤ ሁለት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረዋል። ተቀመጪ ቢባሉ «ቆሜ ይሻለኛል» አሉ። እናቴ ክሷን አሰማች። አባቶች አዳመጡ፣ አንገታቸውን ነቀነቁ፣ በመጨረሻም ጋሽ ወልዴ «መምህርት፣ ክፋት አስበሽ ባይሆንም እናት አስቀይመሻል። ይቅርታ ጠይቂና ነገሩ ይለቅ» አሉ።

«እጠይቃለሁ አባቶቼ። ግን መጀመሪያ አንድ ነገር ላሳያችሁ» አሉና እጃቸውን ወደ ጉያቸው ሰደዱ። በጥጥ የተጠቀለለ እንቁላል ወጣ። ለካ እጃቸውን ያጣመሩት በአክብሮት አልነበረም፤ እያሞቁ ነው።

«ኧረ ጾም ነው!» አሉ አንዱ ሽማግሌ።

«አይበላም አባቴ፣ ይታያል።»

በመቀሳቸው መስኮቷን ከፈቱ። እኔ በስልኬ መብራት አበራሁላቸው። ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ ከወንበራቸው ተነስተው ጎንበስ አሉ። ቀይዋ ነጥብ ትመታለች። ጋሽ ወልዴ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ይህ ጫጩት ነው?»

«ሊሆን መንገድ ላይ ያለ ነው።»

«እናቱስ? ዶሮዋ?»

«እሷማ ጥሬ ትለቅማለች፤ መኖሩንም አታውቅ። ጀርባውን ይዩት፣ ይህች ቀጭን መስመር። ተዘግታለች። ትናንት ወይ ከትናንት ወዲያ ክፍት ነበረች። ከእንግዲህ ምን ብናደርግለት እዚያ ላይ የምንጨምረው የለም።»

«አሁን ይሞታል?» አሉ ያ ስለ ጾሙ የተናገሩት ሽማግሌ።

እትዬ ታደለች መቀሱን አስቀመጡ። «አዎ፣ ይሞታል» አሉ። «ኃጢአት ከሆነም የኔ ነው። ግን ሌላ መንገድ አጣሁ።» ከዚያ ፈጥነው ወደ ጋሽ ወልዴ ዞሩ። «ጋሼ፣ ቀፎዎ አውራዋን ስታጣ ንቦቹ ምን ያደርጋሉ?»

«ከእጮቹ መርጠው የአውራ ምግብ እያበሉ አዲስ ያሳድጋሉ።»

«ትልቋን ነው ትንሿን የሚመርጡት?»

«ትንሿን ነዋ። ያደገችዋማ ሠራተኛ ሆና አልቃለች።»

«ያንኑ ምግብ በኋላ ቢያበሏትስ?»

«በኋላማ ምን ዋጋ አለው…» አሉ ጋሽ ወልዴ። እንቁላሉን አዩ፣ እናቴን አዩ። ከዚያ በአገራቸው ቋንቋ፣ በካፊኖኖ፣ ረጅም ነገር ተናገሯት። እናቴ አጭር መለሰች። ደግመው ተናገሯት፤ አሁን ድምፃቸው ከበድ ብሏል። በመጨረሻ ተነስታ እትዬ ታደለችን ጉንጫቸውን ሳመቻቸው። ያመጡላትን አዲስ ፖስታ በሁለት እጇ ተቀበለች። «እኔው ራሴ በእጄ ሻንጣዋ ውስጥ አስገባላታለሁ» አለች። አባቶች መረቁ፣ የጾም ምሳ ቀረበ፣ እትዬ ታደለች ቆመው በሉ።

እህቴ ተዳረች። ባሏ ዋጫ ከተማ ግብርና ቢሮ ስለሚሠራ እዚያው ገቡ። ክረምቱ ሊገባ ሲል እናቴ አንድ ቀን ፊቷ በርቶ መጣችና «እህትህ አምስተኛ ወሯን ይዛለች፣ ለማንም እንዳትናገር» አለችኝ። ለእትዬ ታደለች ተናገርኩ። ሰሌዳ እያጠፉ ነበር፤ እጃቸው ቆመ።

«ክኒኑን ወስዳለች?»

«ወስዳለች» አልኩ፤ የማውቀው እንደዚያ ነው። «ጎሽ» ብለው ማጥፋታቸውን ቀጠሉ። ያን ቀን እያፏጩ ሲሄዱ ሰማኋቸው።

ልጅቷ ቦንጋ ሆስፒታል ተወለደች። ቤዛ አልናት። ጀርባዋ ላይ፣ ከወገቧ ከፍ ብሎ፣ ውኃ የቋጠረ ስስ ከረጢት ነበር። ሐኪሙ ወደ ጅማ ቶሎ መሄድ አለባት አለ። እትዬ ታደለች ከትምህርት ቤት በዚያው በቦት ጫማቸው መጡ፤ ጠመኔው ገና ጣታቸው ላይ ነው። ክፍሉ ውስጥ እኔ፣ እህቴና እናቴ ነበርን። እናቴ እንዳየቻቸው ወደ መስኮቱ ዞረች። ምላሳቸውን የፈራች መስሎኝ ነበር፤ እኔም ፈርቼው ነበርና።

እህቴ ማልቀስ ጀመረች። «እትዬ፣ ጠፋብኝ። ዋጫ ስደርስ ሻንጣውን አገላብጬ ፈለግኩት፣ የለም። መድኃኒት ቤት ገብቼ እንዳልገዛ፣ አዲስ ሙሽራ ምን ክኒን ትገዛለች ይሉኛል ብዬ አፈርኩ። ቦንጋ ስሄድ፣ ቦንጋ ስሄድ ስል… ጥፋቱ የኔ ነው።»

ያቺ በር የምትዘጋ፣ ሱፐርቫይዘር የምትሰድብ፣ ሽማግሌ ፊት እንቁላል የምትሰብር ሴትዮ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። አዎ፣ ቁጭ አሉ። የእህቴን እጅ ያዙ። «ስሚኝ ልጄ። ክኒኑ ሁሉን አያግድም። በሥርዓቱ ወስደውት እንዲህ የወለዱ አሉ። አንቺ ጠፋብሽ እንጂ አልጣልሽውም። በቃ፣ ይህን ነገር ከእንግዲህ እንዳታነሺብኝ።» ከዚያ ብድግ አሉ። «ጅማ መቼ ነው የምትሄዱት? ለምን አሁን አይሆንም?» ሰዓት ሳይሞላ መኪና ይዘው መጡ።

እኔ ግን ተናደድኩ። በማግስቱ ላብራቶሪ ውስጥ ጠበቅኳቸው። «ዓመቱን ሙሉ በጊዜ፣ በጊዜ እያሉ አገር ሲያምሱ ኖረው፣ አሁን ‹ሁሉን አያግድም› ይላሉ? ብዙውን እንደሚያግድ ያውቃሉ አይደል?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ለአራስ ሴት ስሌት አይነገርም፣ ኬሚስትሪ። እሱን ለምትቀጥለዋ ሙሽራ እነግራታለሁ።»

ቤዛ ጅማ ላይ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፣ ዳነችልን። እግሮቿ ግን ደከሙ። እህቴ ከነባሏ ወደ ቦንጋ፣ ወደ እናቴ ግቢ ተመለሱ። የሕክምና ባለሙያዋ ያሳየችውን የእግር እንቅስቃሴ እትዬ ታደለች ተምረው፣ በየቅዳሜው ከገበያ መልስ እየመጡ ከእህቴ ጋር ያሠሯት ነበር። ፍራሽ ይነጠፋል፣ ቅባት ይመጣል፣ አንዷ ቀኙን አንዷ ግራውን እግር ይዛ ያጥፋሉ፣ ይዘረጋሉ። እናቴ በዚያ ሰዓት ሁልጊዜ ጓሮ ሥራ አላት። ቤዛ አፍ ስትፈታ «ቲቸር» ነበር የምትላቸው፤ እሳቸውም የጡንቻዎቿን ስም እየጠሩ ያስተምሯታል። ዛሬ አምስት ዓመቷ ነው። በብረት ድጋፍና ግድግዳ ተደግፋ ትሄዳለች፣ ምላሷ ደግሞ ማንንም ያስከነዳል፤ ከማን እንደተማረችው አትጠይቁኝ።

ከተማው የራሱን ታሪክ ሠራ። «መምህርቷ በሰጠቻት ክኒን ነው ልጅቷ እንዲያ የሆነችው» ተባለ። እኔ እህቴ አንድም እንዳልዋጠች ለመናገር ስነሳ እትዬ ታደለች ከለከሉኝ። «የእህትህን ስም ገበያ አታውጣ» አሉኝ። ሁለት ቤተሰቦች ፖስታቸውን መለሱ፤ አንዱ በሩን ሳይከፍት በሥሩ ገፍቶ። እሳቸው ደግሞ በማግስቱ ለሌላ ሙሽራ ይዘው ይሄዳሉ። እየከሱ፣ እየፈጠኑ ሄዱ። አንድ ጊዜ ባጃጅ ውስጥ አግኝቻቸው «እንዴት ዝም ይላሉ? አይነድዎትም?» አልኳቸው። «ይነደኛል እንጂ። ግን መናገር ያለበት ሌላ ሰው አለ፤ እሱ እስኪናገር ነው» አሉኝ። ማን ነው ብል አልነገሩኝም። አልገባኝምም ነበር።

ከቀብራቸው በኋላ ያለው ቀን ቅዳሜ ነበር። እህቴ እንደ ልማዷ ፍራሹን አነጠፈች። ቤዛ በጀርባዋ ተኝታ «ቲቸር የታሉ?» ስትል እህቴ «ዛሬ እኔ ብቻ ነኝ» አለቻትና ቀኙን እግሯን ማጠፍ ጀመረች። እናቴ ግን ያን ቀን ጓሮ አልሄደችም። በሩ ላይ ትቆማለች፣ ትገባለች፣ ትወጣለች። ነጠላዋን ትፈታለች፣ ታጣፋለች።

«ትዕግስት» አለች በመጨረሻ። «ክኒኑን አንቺ አልጣልሽውም።»

እህቴ ቀና አላለችም። «የማን ክኒን?»

«ፖስታውን። ሻንጣሽ ውስጥ አስገባሁ አልኩ እንጂ አላስገባሁትም። ሽማግሌ ፊት አፍሬ ተቀበልኩ፣ ሌሊቱን ታላቅ እህቴ ‹መከላከያ ነው› እያለች ስትነግረኝ አደረች፣ ጠዋት ሽንት ቤት ጣልኩት። አምስት ዓመት ጥፋቱ የኔ ነው እያልሽ ስታለቅሺ እሰማሻለሁ።»

እህቴ የያዘችው እግር እጇ ላይ ቆመ። እኔ ወንበሬ ላይ መቀመጥ አቃተኝ።

«እትዬ ታደለች ያውቁ ነበር?» አልኩ።

«ልጅቷ ከጅማ የተመለሰች ሰሞን ነግሬያታለሁ። ‹ለኔ ምን ያደርግልኛል፣ ለልጅሽ ንገሪያት› አለችኝ። እሺ አልኩ። በየቅዳሜው እዚህ በር ላይ ስትደርስ ታየኛለች፣ ዓይኔን ዝቅ አደርጋለሁ። ከተማው ስሟን ሲያጠፋም ሰማሁ። እኔን ሳታጋልጥ ሞተች።»

ቤዛ ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ታያለች። እህቴ የልጇን እግር ቀስ አድርጋ ፍራሹ ላይ አስቀመጠችው። ስትናገር ድምጿ አልተነሳም።

«ነገ ሣልስታቸው ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ድንኳኑ ውስጥ ትናገሪዋለሽ። ሰው ሁሉ ፊት። ጋሽ ወልዴ ፊት።»

«እናገራለሁ።»

«አክስቴም ባለችበት።»

«ባለችበት» አለች እናቴ።

እህቴ ዓይኗን በክንዷ ጠረገች። ከዚያ ፍራሹ ላይ ትንሽ ፈቀቅ አለችና ቦታ ለቀቀች።

«እንግዲያው የግራውን እግር ያዢልኝ» አለች። «ቀስ ብለሽ እጠፊው። ጉልበቷ ላይ እንዳትጫኚ።»